የምድር ቤት ወለል ሲፈረፈር፦ ምክንያቱን መለየትና መጠገን

አብያተ ክርስቲያናት በአብዛኛው በኮረብታ ራስ ወይም በኮረብታ ወገብ ላይ የተተከሉ ናቸው። በመካነ ሰላም ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የቦረና፣ የወግዲ፣ የከላላና የአማራ ሳይንት ደጋዎችም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አንድ ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም የእንግዳ ማረፊያ ለማሠራት ሲነሣ ተዳፋቱን በአንድ ወገን ቆርጦ መደልደል ግድ ይሆንበታል። በዚህም ከአዳራሹ ሥር ከፊቱ በር ያለው፣ ከኋላው ግን አፈር የተደገፈበት ምድር ቤት ይገኛል። ክፍሉም ዕቃ ቤት ይሆናል፤ የዝክር እህል፣ ምንጣፍ፣ ድንኳን፣ አንዳንድ ጊዜም አልባሳትና መጻሕፍት ይቀመጡበታል።

ጥቂት ክረምቶች ካለፉ በኋላ ወለሉ መድከም ይጀምራል። ቢጠርጉት አቧራው አያልቅም፤ በግድግዳው ሥር ነጭ ብናኝ ይታያል፤ ሊሾው እንደ ቅርፊት ይነሣል፤ ጠጠሩ ይገለጣል። ሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ያሰባስባል፣ ግንበኛ ይጠራል፣ በአሮጌው ወለል ላይ አዲስ ሊሾ ይፈስሳል። ወለሉ አንድ በጋ ያማረ ሆኖ ይቆይና ክረምቱ ሲገባ ተመልሶ ይፈረፈራል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ምክር ውኃው ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ እንኳ እንዳይገዛ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን በክፍሉ ውስጥ ያለው ንዋየ ቅድሳት ይውጣ። ብራና እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሻጋታም በቶሎ ይይዘዋል። እንደ ተድባበ ማርያም ያለ ጥንታዊ ደብር ባለበት በሳይንት ምድር የሚገኙ ካህናት የብራና መጽሐፍ አንዴ ከተበላሸ በገንዘብ እንደማይተካ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ለዕቃዎቹ ሌላ ክፍል ባይገኝ እንኳ ሣጥኖቹን ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ባለ የእንጨት ቆጥ ላይ፣ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር አርቆ ማስቀመጥ ለጊዜው ይረዳል።

ወለል ለምን ይፈረፈራል?

ኮንክሪት ከውጭ ሲታይ ድንጋይ ይመስላል እንጂ በውስጡ እጅግ ጠባብ ቀዳዳዎች አሉት። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ እነዚህ ቀዳዳዎችም ከሥር ያለውን የአፈር እርጥበት ይስባሉ። ውኃው ሲወጣ በአፈሩና በሲሚንቶው ውስጥ ያሉትን ጨዎች አሟሙቶ ይዞ ይመጣል። ወለሉ ፊት ላይ ሲደርስ ውኃው ይተንናል፤ ጨው ግን ስለማይተንን እዚያው ይቀራል። ከገጹ ጥቂት ዝቅ ብሎ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የረጋው ጨው ክሪስታል ሆኖ ሲያድግ ግድግዳቸውን ይገፋል፣ ኮንክሪቱንም ከውስጥ ወደ ውጭ እየፈነቀለ ያፈርሰዋል። በግድግዳ ሥር የሚታየው ነጭ ብናኝ የዚህ ሥራ ምልክት ነው። በላዩ አዲስ ሊሾ ቢፈስስ ውኃው መውጣቱን አያቆምም፤ ጨዉ በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ይከማችና አዲሱን ከሥሩ ይነቅለዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ጀምሮ የነበረ ድክመት ነው። ሠራተኞች ድብልቁ እንዲቀልላቸው ውኃ ያበዛሉ። ሲሚንቶው ከሚፈልገው በላይ የገባው ውኃ በኋላ ተንኖ ሲወጣ የያዘው ቦታ ባዶ ይቀራል፤ ኮንክሪቱም እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት 25 ሊትር ውኃ ይበቃል። በዚያ ፈንታ 35 ሊትር ቢገባ ጥንካሬው ሲሶ ያህል ይቀንሳል። አሸዋው ጭቃ ካለበት፣ ሲሚንቶው እርጥብ መጋዘን ውስጥ ከርሞ የተቋጠረ ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል።

በእኛ ደጋ ላይ ደግሞ የአየሩ ጠባይ ይጨመርበታል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ለግንባታ በሚመረጡት ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ቀኑ ፀሐይና ደረቅ ነፋስ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ነፋሱ አዲሱን ወለል ሲሚንቶው ሳይጠነክር ያደርቀዋል፤ ሌሊት ደግሞ ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ የመጠንከሩ ሥራ ከሞላ ጎደል ይቆማል። በእነዚህ ሁለቱ መካከል የዋለ ወለል ገጹ ጥንካሬ ሳያገኝ ይቀራል።

ሦስተኛው ምክንያት አፈሩ ራሱ ነው። የወሎ ደጋ በአብዛኛው ከጥንት እሳተ ገሞራ በፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ የተሠራ ሲሆን፣ ያ ድንጋይ በስብሶ በሜዳውና ውኃ በሚተኛበት ቦታ ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለውን ጥቁር አፈር ይሰጣል። በአገራችን ይህ አፈር ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሸፍን ይገመታል። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ገበሬው በበጋ በትሩን የሚከትበትን ስንጥቅ ያስታውሷል። በላዩ የተነጠፈ ቀጭን ወለልም በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ሲል ይሰባበራል።

ምርመራው

ምርመራው በሐምሌና በነሐሴ ቢደረግ ይመረጣል፤ ውኃው ራሱን የሚገልጠው ያን ጊዜ ነውና። የሚያስፈልገው መሣሪያ ምስማር፣ መዶሻ፣ የላስቲክ ቁራጭ፣ ማጣበቂያና እርሳስ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ወለሉን በምስማር መጫር ነው። ላዩ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ዱቄት ሆኖ ከሥሩ ምስማሩን የሚመልስ ጠንካራ ኮንክሪት ከተገኘ ችግሩ የገጽ ነው፤ በአብዛኛውም በሥራው ቀን ከበዛው ውኃ ወይም ካለመጠጣቱ የመጣ ነው። ምስማሩ ያለ ብዙ ድካም የሚሰምጥና ጠጠሩ በእጅ የሚለቀም ከሆነ ግን ወለሉ እስከ ሥሩ ደክሟል። ቀጥሎ በመዶሻ ቀስ ብሎ በየግማሽ ሜትሩ መምታት ይገባል። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ሊሾው ከሥሩ ካለው ኮንክሪት የተላቀቀበት ስለሆነ ዙሪያውን በኖራ ማስመር ያስፈልጋል።

ከዚያም የላስቲክ ፈተና ይደረጋል። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ በተጠረገ ወለል ላይ ተነጥፎ አራቱም ጠርዙ አየር በማያስገባ ማጣበቂያ ይታሸግና አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይቆያል። ጠብታው ከላስቲኩ ሥር ከታየ ወይም ወለሉ እዚያ ከጠቆረ ውኃው ከምድር ይመጣል። ጠብታው ከላስቲኩ በላይ ከታየ ግን እርጥቡ የክረምት አየር ቀዝቃዛውን ወለል ሲነካ ያወጣው ላብ ነው፤ ለዚህ መድኃኒቱ በሁለት ወገን መስኮት ከፍቶ ማናፈስ እንጂ ወለል ማፍረስ አይደለም። ፈተናውን በአንድ ቦታ ብቻ ማድረግ አይበቃም። አፈር በተደገፈው ግድግዳ ሥር፣ በመሐልና በበሩ አጠገብ ቢደረግ ውኃው ከየትኛው ወገን እንደሚገባ ይታወቃል።

ነጭ ነገር ሲታይ ጨው ይሁን ሻጋታ ለመለየት ጥቂት ውኃ ማንጠብጠብ ይበቃል፤ ጨው ይሟሟል፣ ሻጋታ አይሟሟም፣ ሽታም አለው።

ስንጥቅ ካለ ደግሞ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ቀኑን ከጎኑ መጻፍ፣ ስፋቱንም በነሐሴ፣ በጥርና በሚያዝያ መለካት ይገባል። በበጋ የሚከፈትና በክረምት የሚዘጋ ስንጥቅ፣ ወይም መሐሉ ያበጠ ወለል የዋልካ ምልክት ነው። ስንጥቁ ከወለሉ አልፎ ወደ ግድግዳው ከወጣ፣ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን በሰያፍ ከሄደ፣ ወይም ከአርማታው ውስጥ የዛገ ፌሮ ከታየ ጉዳዩ ከወለል ጥገና ያለፈ ነው፤ መሐንዲስ ሳያየው መዶሻ ማንሣት ተገቢ አይሆንም።

ከውጭ መጀመር

ብዙ ምድር ቤት ውስጡ የሚረጥበው ከጣራው በሚወርድ ውኃ ነው ቢባል ለሰሚው እንግዳ ይመስላል። ስሌቱ ግን ቀላል ነው። 20 ሜትር በ12 ሜትር የሆነ የአዳራሽ ጣራ 240 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ የክረምት ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል ከዚህ ጣራ 7,200 ሊትር ውኃ፣ ማለትም 36 በርሜል ይወርዳል። አሸንዳ ከሌለ ወይም ተቀዶ ከተተወ ይህ ሁሉ በግድግዳው ሥር ይፈስሳል፤ በተዳፋቱ በኩል ያለው እኩሌታውም ወደ ምድር ቤቱ ይሰርጋል። አሸንዳ ማሰርና ውኃውን በቱቦ ወደ ታች፣ ከሕንፃው ርቆ መልቀቅ ከወለሉ ጥገና እጅግ ያነሰ ወጪ ይጠይቃል። ውኃው ወደ ማጠራቀሚያ ቢገባ ደግሞ ለደብሩ ጥቅም ይሆናል።

ከዚያ በኋላ በተዳፋቱ ላይኛ ወገን ከሕንፃው ጥቂት ሜትር ርቆ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል። በግድግዳው ዙሪያ ያለው መሬት ቢያንስ እስከ ሁለት ሜትር ድረስ በየሜትሩ አምስት ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ይደረጋል። የላስቲኩ ፈተና ውኃው በአፈር ከተደገፈው ግድግዳ እንደሚመጣ ካሳየ፣ ከዚያ ግድግዳ ውጭ ከወለሉ ጥቂት ዝቅ የሚል ቦይ ተቆፍሮ ቀዳዳ ያለው ቱቦና ንጹሕ ጠጠር ይሞላበታል፤ ቱቦው በየሜትሩ አንድ ሳንቲ ሜትር እየወረደ ወደ ተዳፋቱ ታችኛ ክፍል ይወጣል። ቦዩ ከመሠረቱ ሥር መውረድ የለበትም፤ ሙሉውን ርዝመት በአንድ ጊዜ ከፍቶ ማሳደርም ግድግዳውን ያሰጋዋል። በክፍል በክፍል እየተቆፈረ ወዲያው ይሞላ።

ለካህናት አንድ ማሳሰቢያ አለን። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቦይ ሲቆፈር ዐፅም መገኘቱ የማይቀር ነው። የቦዩ መሥመር ከመወሰኑ በፊት የመቃብሩን ቦታ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ተጠይቀው፣ የደብሩ አስተዳዳሪ ባሉበት መሬቱ ላይ በኖራ ቢሰመር ሥራው በመሐል ከመቆሙና በቤተሰቦች መካከል ቅሬታ ከመነሣቱ ያድናል። በዋልካ ላይ ከተሠራ ሕንፃ አጠገብ ባሕር ዛፍ መትከልም አይመከርም፤ ሥሩ ውኃውን ከአፈሩ እየመጠጠ የአፈሩን መኮማተር ያብሰዋል።

ውኃውን ከምንጩ ሳይመልሱ ገጹን በመሸፈን መገላገል ጥንትም የተሞከረ ነገር ነው። እዚያው ወሎ ውስጥ በላስታ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ1954 እ.ኤ.አ. በተደረገላቸው ጥገና ግድግዳቸው በሬንጅና በቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ከ1966 እ.ኤ.አ. በኋላ በጣሊያናዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጄሊኒ የተመራው የጥገና ቡድን ያንን ልባስ ከዓለቱ ላይ መልሶ የማንሣት አድካሚ ሥራ ሠርቷል። በገበያ ላይ «ውኃ የማያስገባ» ተብሎ የሚሸጥ ቀለም ወደ ሰበካ ጉባኤ ሲቀርብ ይህን ማስታወስ ይጠቅማል። ቀለሙ ሁልጊዜ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም፤ ውኃው ከኋላ እየገፋ ባለበት ወለል ላይ ግን አይቆይም።

ጥገናው

ቦዩና አሸንዳው ከተሠሩ በኋላ አንድ ክረምት ጠብቆ የላስቲኩን ፈተና መድገም፣ ትዕግሥት ቢጠይቅም፣ ገንዘብ ያድናል። ወለሉ ደርቆ የተገኘና ድክመቱ የገጽ ብቻ የሆነ እንደሆነ ዱቄቱ በሽቦ ብሩሽና በመሮ እስከ ጠንካራው ድረስ ይነሣል፣ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፣ አሮጌው ወለል እርጥብ ሆኖ ውኃ ሳይቋጥርበት፣ እንደ ወፍራም ቀለም የተበጠበጠ ሲሚንቶ ይቀባል። ቅቡ ሳይደርቅ አንድ እጅ ሲሚንቶና ሦስት እጅ አሸዋ የሆነ፣ አራት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አዲስ ሊሾ ይነጠፋል። ግንበኞች ገጹ እንዲያምር ደረቅ ሲሚንቶ እየበተኑ በማለስለሻ የሚያሹት ልማድ ቢቀር መልካም ነው፤ ቀጭኑ ንጣፍ ከሥሩ ካለው ጋር ሳይዋሐድ ይቀርና በመጀመሪያ የሚነሣው እርሱ ይሆናል።

እስከ ሥሩ የደከመ ወለል ግን መፍረስ አለበት። ፍርስራሹ ከወጣ በኋላ ከሥሩ ዋልካ ከተገኘ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ያህል ተዝቆ ይወጣና በገረጋንቲ ይተካል፤ ገረጋንቲው በየ15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትሩ እየረጠበ ይደቀደቃል። በዚህ ጊዜም ከግድግዳው መሠረት ሥር መቆፈር አይፈቀድም። በላዩ 25 ሳንቲ ሜትር የጥቁር ድንጋይ ንጣፍ ይደረጋል። ድንጋዩ ሰፊ ክፍተት ስላለው ውኃ በኩራዙ ክር ዓይነት ወደ ላይ እንዳይወጣ ያቋርጠዋል፤ ስለዚህ ክፍተቱን በአፈር መሙላት ጥቅሙን ያጠፋዋል። በድንጋዩ ላይ ላስቲኩ እንዳይበሳ ስስ አሸዋ ይነጠፍና ወፍራም ላስቲክ ይዘረጋል፤ መጋጠሚያው 30 ሳንቲ ሜትር ይደራረብ፣ ጠርዙም በግድግዳው ላይ እስከ ወለሉ ከፍታ ይታጠፍ። ከዚያ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት፣ በመሐሉ ቀጭን የፌሮ መረብ ገብቶበት፣ ይሞላል። ሰፊ ክፍል ከሆነ በየሦስት ሜትሩ መለያ መሥመር ይተውለት፤ ኮንክሪት ሲደርቅ መኮማተሩ ስለማይቀር ስንጥቁ በተፈለገበት ቦታ እንዲሆን ያደርገዋል።

ለድብልቁ ስፋቱ 50 በ40፣ ቁመቱ 18 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሣጥን ይሠራ። ይህ ሣጥን አንድ ከረጢት ሲሚንቶ የሚይዘውን ያህል ይይዛል። ለአንድ ከረጢት ሁለት ሣጥን አሸዋ፣ ሦስት ሣጥን ጠጠርና ከ25 ሊትር ያልበለጠ ውኃ ነው፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ውኃው ይቀነሳል። በአካፋ ግምት መስፈር የተለመደ ቢሆንም አይመከርም። ለምሳሌ 6 በ5 ሜትር ለሆነ ክፍል 3 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ያስፈልጋል፤ ይህም ወደ 22 ከረጢት ሲሚንቶ ነው፣ ለብክነት ሁለት ቢጨመር ይበቃል። አሸዋው ከመገዛቱ በፊት በጠርሙስ ይፈተን፦ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ተደርጎ ውኃና ጥቂት ጨው ይጨመርና ተመትቶ ሦስት ሰዓት ይቀመጣል። ከአሸዋው በላይ የተኛው የጭቃ ንጣፍ ከስድስት ሚሊ ሜትር ከበለጠ አሸዋው ሳይታጠብ አይገባም።

በገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ሲሚንቶ አለ። ኦፒሲ በቶሎ ይጠነክራል፤ ፒፒሲ ቀስ ይላል፣ ነገር ግን በሚገባ ውኃ ከጠጣ ለእርጥብ ቦታ ጥሩ ነው። ኦፒሲ ቢያንስ ሰባት ቀን፣ ፒፒሲ ዐሥራ አራት ቀን ሳይደርቅ መጠጣት አለበት። ወለሉ በጆንያ ይሸፈን፣ ጆንያው በየጠዋቱና በየማታው ይርጠብ፤ ሌሊት ከውርጭ እንዲጠበቅ በላዩ ላስቲክና ጭድ ይጨመር። ሙሌቱም ጠዋት ቢጀመር ውርጩ ከመድረሱ በፊት ኮንክሪቱ ለመጠንከር ቀኑን ሙሉ ያገኛል።

እዚህ ላይ በእኛ ዘንድ ብዙ ጥሩ ሥራ የሚበላሽበትን ነገር መናገር ያስፈልጋል። ወለሉ ጥር 8 ቀን ተሞላ እንበል። ጥር 10 ከተራ ነው፤ 11 ጥምቀት፣ 12 ቃና ዘገሊላ። ሕዝቡም ካህናቱም ከታቦቱ ጋር ወጥተው ሠራተኛው ሦስት ቀን ባይመለስ፣ ጥንካሬው በሚወሰንበት በዚያው ሳምንት አዲሱ ኮንክሪት በደረቅ ነፋስ ተጋልጦ ይቆያል። ስለዚህ የሙሌቱ ቀን ከመወሰኑ በፊት ሰበካ ጉባኤው የበዓላቱን ዝርዝር ተመልክቶ ከፊቱ ሁለት ሳምንት የተጠበቀ ጊዜ ይምረጥ። በወርኃዊ በዓላትና በሰንበት ደግሞ ውኃ የማጠጣቱ ነገር እንዴት እንደሚሆን የደብሩ አባቶች አስቀድመው መመሪያ ይስጡበት። ለዚህ ሥራ በስም የተመደበ አንድ ሰው ከሌለ ሁሉም ሌላው ያጠጣል እያለ ወለሉ ይደርቃል።

ከግንበኛው ጋር በሚደረገው ውል ውስጥ የሣጥኑ መጠን፣ የውኃው ልክ፣ የሚጠጣበት ቀን ብዛትና የላስቲኩ ውፍረት ይጻፍ። የክፍያው ጥቂት ክፍልም እስከ ቀጣዩ ክረምት ተይዞ ይቆይ። በነሐሴ በዚያው በሦስቱ ቦታ ላስቲኩ ዳግመኛ ይታሸግ፤ ከሥሩ ደረቅ ከተገኘ ቀሪው ክፍያ ይፈጸማል፣ ሣጥኖቹም ወደ ዕቃ ቤቱ ይመለሳሉ።